አጭሩ የግራው ነው

«ግድ የለም፣ ሁለቱንም ዛሬውኑ ነቅዬ አወጣቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ከግቢ አትወጣም።»

ሲስተር ፊቷን እየታጠበች ነበርና የወንድሟ ድምፅ በስሱ ግድግዳ አልፎ ሲደርሳት ቧንቧውን ዘግታ ጆሮዋን አቆመች። ሌላ ቃል አልተከተለም። ቤቱ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሁለቱ ከየክፍላቸው «ይማርህ» የሚሉበት ዓይነት ቤት ነበር፤ ወንድሟም ይህን ስለሚያውቅ የቧንቧው ድምፅ እንደቆመ አፉን ሳይዝ አልቀረም። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ስትወጣ መተላለፊያው ላይ ቆሞ አገኘችው። የሟች አባታቸውን የሥራ ቱታ ለብሷል፤ እጁ ላይ ስልኩን ይዟል። ከማን ጋር እንደሚያወራ አልጠየቀችውም፤ መጠየቅም አላስፈለጋት። ከሳምንት በፊት እራት ላይ «አሮጌ መኪና ሙሉዋን ከምትሸጥ ዕቃ ዕቃዋ ቢሸጥ ይሻላል» ብሎ አንድ የሚያውቀውን ደላላ ሲያሞግስ ሰምታዋለች። አሁን ደግሞ ይኸው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዕቃዎች ቃል እየገባለት ነው ስትል አሰበች።

«ደህና አደርሽ እታለም» አላት፤ ታናሿ ነውና ሲያከብራትም ሲደልላትም የሚጠራት በዚህ ስም ነው። «መኪናዋ ስትታጠፍ ቀጭ ቀጭ ትላለች እኮ። አክስሏ ነው። ነገ መንገድ ላይ ጉድ ከምትሆኚ ዛሬ ፈትቼ ልየው ብዬ ነው።»

ትናንት ከሆስፒታል ስትመለስ መኪናዋን የነዳችው እሷ ራሷ ናት፤ ከገበያው ጥግ ሁለት ጊዜ ታጥፋለች፤ ምንም ዓይነት ቀጭ የሚል ነገር አልሰማችም። ነገር ግን «አልሰማሁም» ማለት «አላመንኩህም» ማለት እንደሚሆን ስለገባት «እሺ» አለችው። ነገ ጠዋት ከነመኪናዋ መገኘት አለባት። ለዓመታት ከሠራችበት የሌሊት ተረኝነት ወጥታ በከተማው ዳርቻ ላሉ በሽተኞች ቤት ለቤት እየዞረች እንድታክም ተቀጥራለች፤ መኪና የሌላት ነርስ ለዚህ ሥራ እንደማትፈለግና ነገ ካልተገኘች ቦታው ለተከታይዋ እንደሚሰጥ ኃላፊዋ በፈገግታ፣ ግን ደግማ ደጋግማ ነግራታለች። እና ሲስተር የቤት ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ወደ ግቢ ወጣች። ላግዝህ አለችው። ማገዙ ለሰበብ ነበር፤ የፈለገችው እጁን መጠበቅ ነው።

ግቢው ጠባብ ነው። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቆ በየስንጥቁ ሣር በቅሎበታል፤ በአንድ ወገን የልብስ ማስጫ ገመድና የውሃ በርሜል፣ በሌላው የእናታቸው ክፍል መስኮት ይገኛሉ። መሀል ላይ ነጯ መኪና አፍንጫዋን ወደ ቤቱ አድርጋ ቆማለች። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ እናትየው ቀኑን ሙሉ ከዚያ መስኮት ሥር ይተኛሉ፤ መጋረጃው ትንሽ ገለጥ ብሎ ከታየ ነቅተዋል ማለት ነው። ዛሬ ከማለዳው ገለጥ ብሏል።

ወንድሟን ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ማዕረጉን የሰጠው ትምህርት ቤት ሳይሆን ልማዱ ነው፦ ያገኘውን ይፈታል። ማራገቢያ፣ ካውያ፣ የበር ቁልፍ፣ አንድ ጊዜም የጎረቤት ሰው ሠራሽ ጥርስ ማጠቢያ። ሲገጥም ደግሞ ሁልጊዜ ጥቂት ብሎን ይተርፈዋል፤ ሲጠየቅም «ፋብሪካው አብዝቶት ነው» ይላል። ዛሬ ግን አንድ ነገር ተለይቶባታል። ሌላ ጊዜ ሲሠራ እንደሚያፏጨው አላፏጨም፤ ስለሚፈታው ነገርም ዲስኩር አላደረገም። ስልኩን ኮፈኑ ላይ አቁሞ አንድ ሰው አክስል ሲፈታ የሚያሳየውን ቪዲዮ ከፍቶ፣ እያቆመ እያስኬደ፣ እሷ ስትጠጋ ደግሞ ድምፁን እየቀነሰ ይሠራ ነበር።

«እታለም፣ ግቢና ፍሬኑን ያዢልኝ።»

ከመሪው ኋላ ተቀምጣ ፍሬኑን በሙሉ ኃይሏ ረገጠች። እሱ የጎማውን መሀል ዳዶ ረጅም ቱቦ በሰካበት መፍቻ ይታገላል። ከመስታወቱ ውስጥ ሆና ልብ ብላ ተመለከተችው፤ አንገቱ ሥር ላብ ወርዷል፣ ከንፈሩን ነክሷል፣ በየመሀሉም ወደ እናታቸው መስኮት ዓይኑን ጣል ያደርጋል። እናቴን ይፈራል፤ ያሰበውን ብታውቅ አታስጠጋውምና፤ እያለች ነገር ከነገር ታያይዝ ጀመር። ዳዶው በድንገት ሲላቀቅ ኢንጂነሩ በቂጡ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ከመስኮቱ የእናታቸው ድምፅ መጣ፦ «ልጄ፣ ቀስ በል! ጣትህን እንዳትቀጠቅጥ።» ስለ እሷ ግን «ሲስተር ምን ትሠራለች?» ብለው እንኳ አልጠየቁም።

ክሪኩን ይዞ የመጣው የመንገዱ ማዶ ጎሚስታ ነው። ሰውየው ጎማ ከመጠገኑ ይልቅ በወሬው ይታወቃል፤ ገና በሩን ሳያልፍ ጀመረ።

«ሲስተር፣ ይቺ ምስኪን ምን አደረገቻችሁ?»

«አክስሏ ይጮኻል ይላል ኢንጂነራችን።»

«ይጮኻል?» ጎሚስታው ክሪኩን አስቀምጦ ጆሮውን ኮረኮረ። «ትናንት ነፋስ ሞልቼላት በሬ ላይ ዞራ ስትወጣ ሰምቻታለሁ። እንኳን አክስሏ፣ ሞተሯም በቅጡ አይሰማ።»

«አንተ ጎማህን ንፋ» አለው ኢንጂነሩ ቀና ሳይል። «ብረቱን ለእኛ ተወው።»

«እሺ ጌታዬ። የሚተርፍ ብሎን ካለ ግን ለሌላ እንዳትሰጥብኝ።»

ሰውየው እየሳቀ ሲወጣ ሲስተር ክሪኩን ወደ መኪናዋ ገፋችው። እንግዲህ ሁለተኛ ምስክር ተገኘ። መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ፣ ከሥሯ ድንጋይ ተደግፎ፣ ጎማው ሲወልቅ ተንበርክካ ወደ ውስጥ አየች። አክስል የሚሉት ከካምቢዮው ጉልበት ተቀብሎ የፊት ጎማን የሚያዞር ወፍራም የብረት ዘንግ ነው፤ በሁለቱም ጫፉ መታጠፊያውን የሚሸፍን የተሸበሸበ ላስቲክ አለው። ዘንጉ ሲታመም ላስቲኩ ይቀደዳል፣ ግሪሱም በዙሪያው ይረጫል፤ ይህን ከአባቷ ደጋግማ ሰምታዋለች። እጇን ሰድዳ ላስቲኩን ዙሪያውን ዳሰሰችው። ሙሉ ነው፤ ደረቅ ነው፤ እንደ ሕፃን ጉልበት የተጨማደደ እንጂ አንድ ስንጥቅ የለበትም። በሙያዋ ቁስል የሌለበትን አካል ለቀዶ ጥገና ሲያዘጋጁ እንደ ማየት ነበር። «ደህና ይመስላል እኮ» አለች፣ ድምፅዋን እንደ ምንም አለስልሳ። «ከውጭ ነው ደህና የሚመስለው» አላት፤ እሷን ሳይሆን መዶሻውን እያየ።

የጎማውን ማቀፊያ ከታችኛው ክንድ አላቀቀው፤ የዘንጉን ጫፍ በእንጨት አስደግፎ ወደ ውስጥ መታው፤ ከዚያም ማቀፊያውን ወደ ውጭ እንድትስብ አዘዛት። ሳበች። በወዲያኛው ጫፍ የብረት ማንሻ በዘንጉና በካምቢዮው መሀል አስገብቶ ሲጫን ዘንጉ እንደሚነቀል ጥርስ አንገራግሮ፣ አንገራግሮ፣ ወጣ። ጥቁር ቡናማ ዘይት የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ ውስጥ ተንዠቀዠቀ። ኢንጂነሩ ቀዳዳውን በጨርቅ ጠቅጥቆ ዘንጉን አቅፎ ቆመ፤ ደስ ያለው ሰው ፊት ግን አልነበረም። ወዲያው ክሪኩን ወደ ሌላኛው ወገን ይጎትት ጀመር።

«የሚጮኸው አንዱ ነው አላልክም?»

«እኩል ነው የሚያረጁት፣ እታለም። አንዱን አይቶ ሌላውን መተው አይሆንም።»

ልታቆመው ትችል ነበር። «ተው፣ መኪናዋ የኔ ናት» ማለት ትችል ነበር። ችግሩ መኪናዋ የእሷ ብቻ አለመሆኗ ነው፤ የአባታቸው ናት፤ ወንድሟም ሆነ እናቷ ቁልፉን አንስታ ስትወጣ አንድም ቀን «የት?» ብለዋት አያውቁም፤ ዛሬ የባለቤትነት ጥያቄ ከተነሣ ነገ የሚዘጋው የግቢው በር ብቻ እንደማይሆን ታውቃለች። እናም ማቀፊያውን ስባ ሁለተኛውንም ዘንግ አስወጣችው። ሁለቱንም በአሮጌ መጋረጃ ጠቅልሎ ከበርሜሉ አጠገብ አስቀመጣቸውና ከሰዓት በኋላ ቶርኖ ቤት ወስዶ እንደሚያሳያቸው፣ ማታ መልሶ እንደሚገጥማቸው ነገራት። እሷ ለእናቷ ሾርባ ልታሞቅ ወጥ ቤት ገብታ ስትመለስ እሱም የለም፣ ጥቅሉም የለም። መኪናዋ ብቻ ድንጋይ ላይ ተንጠልጥላ፣ ሁለት የፊት ጎማዎቿን ጎንዋ አጋድማ ቀርታለች።

ሾርባውን ይዛ ስትገባ እናቷ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ሳህኑን ተቀብለው፣ ማንኪያውን ሁለት ሦስት ጊዜ አማስለው፣ ሳይጠጡት «ጨረሰ?» አሉ።

«ቶርኖ ቤት ሊወስዳቸው ሄዷል።»

«እህ» አሉ እናቷ። ሲስተር ጥርጣሬዋን ልትነግራቸው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ለታመመ ሰው ልጁን መክሰስ ነውር መስሎ ታየት፤ ሳህኑን አንስታ ወጣች።

ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ጎሚስታው ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ወንድሟ ወዴት እንዳለፈ ጠየቀችው፤ በዚህ አለፈ አላት።

«የያዘው ጥቅል ከባድ ነበር መሰል፤ በምን ሄደ?»

«ምን ጥቅል? እጁን ኪሱ ከትቶ ነው ያለፈው» አለ ጎሚስታው። «አክስል ኪስ ውስጥ የሚገባ ከሆነ እኔ ዛሬውኑ ሥራ ልቀይር።»

እዚያው ቆማ ደወለችለት። ወረፋ ላይ ነኝ አላት። ቶርኖ ቤት ብረት ሲላጭ የሚያሰማውን ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ታውቀዋለች፤ በስልኩ የሚሰማት ግን የኳስ ጨዋታ ተንታኝ ነው። «እሺ፣ በርታ» ብላ ዘጋች። ዳቦውን ረስታ ወደ ቤት ተመለሰችና ፍለጋ ጀመረች፤ ዘንጎቹ ከግቢ አልወጡም ማለት ነው፤ ደላላው ምናልባት ሲመሽ ይመጣል። ዕቃ ቤቱን በረበረች፤ የወንድሟን ክፍል ከፍታ ከአልጋው ሥር የማራገቢያ ክንፎችና አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ብሎን አገኘች፤ የበርሜሉን ክዳን እንኳ አነሣች። በሰው ክፍል ገብታ መፈተሿ አሳፈራት፤ ግን አላቆመችም። ስታገኘው የምትለውን ሁሉ በልቧ አዘጋጅታለች፤ አባታችን ቢያይህ፣ የእህትህን እንጀራ፣ ሌባ። የመጨረሻው ቃል ለብቻው ሲሰማ ከበዳት፤ ቢሆንም ሰርዛ አልጣለችውም።

ፀሐዩ ዘቅዘቅ ሲል እናቷን የምታገላብጥበት፣ ጀርባቸውን በሞቀ ውሃ የምታብስበትና አንሶላ የምትቀይርበት ሰዓት ደረሰ። ሳህንና ፎጣ ይዛ ገባች።

«ዛሬ ይቅር» አሉ እናቷ።

«እንዴት ይቀራል?»

«ወገቤን አሞኛል።»

«ሲያምሽ እኮ ነው የማገላብጥሽ፣ እማዬ።»

እናቷ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ጀምሮ እምቢ ሲሉ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። ያን ጊዜ የሳሙናውን ሽታ አልፎ ሌላ ሽታ ሲስተር አፍንጫ ውስጥ ገባ፤ ጠዋት ሳፋዋ ውስጥ የተንዠቀዠቀው፣ የተቃጠለ ብረት የሚመስለው። ዝቅ ብላ የአልጋ ልብሱን ገለጠች። መጋረጃው አንሶ ጫፎቻቸው ወጥተው፣ ሁለቱ ዘንጎች ከእናቷ ነጠላ ጫማ ጎን ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ወለሉ ላይም አንድ የዘይት ጠብታ አለ።

«እዚህ ደበቀብኝ!» አለች ቀና ብላ። «አንቺ የተኛሽበት ሥር! ለደላላ ሊሰጥ…»

«ምን ደላላ? እኔ ነኝ አውጣልኝ ያልኩት።»

ለወንድሟ ያዘጋጀችው ሁሉ አፏ ውስጥ ከሰመ። ጠዋት በግድግዳው አልፎ የሰማችው ቃል ለደላላ እንዳልነበረ፣ ወንድሟ ከዚህ ክፍል በር ላይ ቆሞ ለእናቱ ሲናገር እንደነበረ አሁን ገባት።

«እሱን አትቆጪው» አሉ እናቷ። «አይሆንም ብሎ ነበር። እኔ ነኝ ያስገደድኩት።»

«እማዬ፣ ማታ ማታ እመጣለሁ ብዬሽ የለም?»

«መጀመሪያ ማታ ማታ ትመጫለሽ። ቀጥሎ ቅዳሜ ቅዳሜ። ከዚያ ደግሞ በስልክ።»

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ትናንት ሻንጣሽን ስትዘጊ ዚፑ ተሰማኝ። እኔ ዳሌዬ እንጂ ጆሮዬ አልተሰበረ። ማታ ተመልሶ የሚመጣ ሰው በሻንጣ ምን ይከታል?» እናቷ ዓይናቸውን ከጣሪያው አልነቀሉም። «ሥራው ማደሪያ አለው አይደል?»

ቀኑን ሙሉ የሰው እጅ ስትጠብቅ የዋለችው ሲስተር ፊቷ ጋለ። ማደሪያውን ለማንም አልነገረችም፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ የራሷ ቁልፍ። የፈለገችው መንገዱ ስለራቀባት ብቻ ነው ብላ ራሷን ለማሳመን ሞክራ ነበር፤ እውነቱ ግን ማንም በስስ ግድግዳ አልፎ የማይጠራት አንድ ሌሊት ናፍቋት ነበር። በዚህ ቤት እሷ ስትጠረጥር፣ እሷም ስትጠረጠር ውላለች፤ ልዩነቱ እናቷ የጠረጠሩት እውነት መሆኑ ነው።

«አለው» አለች።

ፎጣውን ሳህኑ ውስጥ ነክራ አወጣችው፤ ውሃው በርዷል።

«ሌሊት ውሃ ሲጠማኝ ማንን ልጥራ?» አሉ እናቷ። «ኢንጂነሩን? ብርጭቆውን ፈቶ ነው የሚያመጣልኝ።»

ሲስተር አንጀቷን በላት፤ ሳቅም መጣባት፤ የትኛው እንደሚቀድም ስላላወቀች ተንበርክካ ጥቅሉን ከአልጋው ሥር ጎተተችው። «እማዬ፣ ነገ እሄዳለሁ» አለች። «በሳምንት ስንት ቀን እንደምመጣ ገና አላውቅም፤ ሳውቅ ግን መጀመሪያ የምነግረው ለአንቺ ነው። ውሃውን እሱ ይለምዳል። ዛሬ ማታ እኔው አሳየዋለሁ፤ ማገላበጡንም ጭምር።» እናቷ የአልጋውን ጠርዝ ለቀቁ። ጀርባቸውንም አዙረው ሰጧት፤ እሷም በበረደው ውሃ ሳይሆን ሌላ ሙቅ ቀድታ አበሰቻቸው።

ኢንጂነሩ ብርሃኑ ሳይጠፋ ዳቦ ይዞ መጣ። ዘንጎቹን ሲሚንቶው ላይ ተዘርግተው ሲያይ በሩ ላይ ደረቀ። እህቱ መፍቻውን ዘረጋችለት። «ሌባ መስለኸኝ ነበር» አለችው፤ እሱም «ለራሴም ሌባ መስዬ ነበር» አለና ቱታውን ለበሰ። እናታቸው ወንበር ላይ አስቀምጡኝ ብለው መስኮቱን ሙሉ በሙሉ አስከፈቱ። ክርናቸውን ደፉ ላይ አሳርፈው ያያሉ። ባላቸው በሕይወት ሳለ በዚህች መኪና ሥር ሲተኛ ዕድሜ ልካቸውን ዕቃ ያቀብሉት የነበሩት እሳቸው ነበሩ። ኢንጂነሩ አንዱን ዘንግ አንስቶ ወደ ግራው ጎማ ሲዞር ዝም ብለው አላለፉትም።

«እሱ አይደለም። አጭሩ የግራው ነው።»

ልጆቻቸው ተያዩ። ኢንጂነሩ ዘንጎቹን አቀያየረ። ሲስተር የካምቢዮውን ቀዳዳ ከጨርቁ አላቀቀች፤ ጥርሱን ከጥርሱ ጋር አገናኝተው ገፉት፤ ውስጥ የሆነ ነገር ጠቅ አለ። ኢንጂነሩ ገብቷል፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ ብሎ ወደ ጎማው ሊዞር ሲል ከመስኮቱ «አትመኚው» የሚል መጣ። «ራስሽ ሳቢው።»

ሲስተር ዘንጉን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እግሯን ድንጋዩ ላይ ተክላ ሳበችው። አልወጣም። ደግማ ሳበችው። በቀኙ ወገንም እንዲሁ አደረገች፤ ከዚያም ግሪስ የነካውን እጇን ቱታው ላይ ስትጠርግ ወንድሟ አልተቃወመም። ጎሚስታው አዲስ የካምቢዮ ዘይት ይዞ ገብቶ ሦስቱንም አየና፣ ለአንድ ጊዜ ምንም ሳይናገር የዘይት መቅጃውን ይዞላቸው ተቀመጠ።

እናቷ አሁንም መስኮቱ ላይ ናቸው። ጎማዎቹ ሲገቡ፣ መኪናዋ ከድንጋዩ ወርዳ በእግሯ ስትቆም ተመለከቱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእሷ ብቻ ይመስል፣

«ክፍሉ መስኮት አለው?» አሉ።

«እንጃ፣ እማዬ። ገና አላየሁትም።»

«ሳታዪውማ ዕቃሽን እንዳታወርጂ።»